ከተሃድሶ ሕክምና ወደ ፓሊየቲቭ ኬር፦ የአንድ ዓመት ሥልጠናዬ

የተሃድሶ ሕክምና (በሕመም ወይም በጉዳት የደከመ ሰውነት መልሶ እንዲሠራ የሚረዳ ሕክምና) ስፔሻሊቲዬን ጨርሼ ለፓሊየቲቭ ኬር፣ ማለትም የጽኑ ሕሙማንን ሥቃይ ለሚያስታግሰው ሕክምና፣ ፌሎሺፕ (ከስፔሻሊቲ በኋላ የሚወሰድ ተጨማሪ ሥልጠና) ሳመለክት ጓደኞቼ «አንተ ሰው የምታስነሣ፣ እዚያ ምን ልትሠራ?» አሉኝ። እዚህ አሜሪካ ፓሊየቲቭ ኬር በ2006 እ.ኤ.አ. ንዑስ ስፔሻሊቲ ሆኖ ሲታወቅ ከደገፉት 10 የሐኪሞች ቦርዶች (ስፔሻሊስትነትን የሚያረጋግጡ አካላት) አንዱ የእኛው፣ የተሃድሶ ሐኪሞቹ፣ ነበር። ፌሎሺፑ አንድ ዓመት ነው።

ወደዚያ የመራኝ ሬዚደንት (የስፔሻሊቲ ሠልጣኝ ሐኪም) ሳለሁ የሠራሁት ስሕተት ነው። ካንሰር አከርካሪያቸው ላይ የደረሰባቸው አንዲት ሐበሻ እናት እግራቸው ከድቷቸው ወደ እኛ ክፍል መጡ። ተኝቶ ተሃድሶ የሚወስድ ሰው በአብዛኛው በቀን 3 ሰዓት፣ በሳምንት 5 ቀን ይለማመዳል፤ እኔም ያንኑ አዘዝኩ። በሦስተኛው ቀን የመለማመጃውን ብረት ጨብጠው እንባቸው ዱብ ዱብ ይል ነበር። «ልጄ፣ መቼ ነው የምራመደው?» አሉኝ። ልጃቸው «ዶክተር፣ አደራ፣ እሷ እንዳትሰማ» ብሎኛል። «አይዞዎት፣ ይራመዳሉ» አልኳቸው። እንደማይራመዱ አውቅ ነበር። ቤታቸው ሊያሳልፉት የሚችሉትን ጊዜ እኔ ወሰድኩባቸው።

በፌሎሺፑ መጀመሪያ የተማርኩት ከመናገር በፊት መጠየቅን ነው፦ «ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ? ወይስ ለማን ልንገር?» እኛ መርዶ እንኳ ሰው ሰብስበን ነው የምናረዳው። ስለዚህ ቤተሰቡን አስቀምጬ፣ በግድ እንደማልናገር ነግሬ፣ ጥያቄውን እነሱ ባሉበት እጠይቃለሁ። ብዙ ጊዜ በሽተኛው ከሁሉም ቀድሞ ያውቃል።

ጠንካራው የሕመም ማስታገሻ ሞርፊን ሌላው ፈተና ነው። «እሱ ከተጀመረማ አለቀ» ይሉኛል። በትንሹ ጀምሬ፣ ከልምምዱ 45 ደቂቃ ያህል ቀደም ብሎ እንዲዋጥ አደርጋለሁ፤ ያኔ ሰውነት እሺ ይላል። ሞርፊን ሆድ ስለሚያደርቅ የሆድ ድርቀት መከላከያውም አብሮ ይጀመራል። የአከርካሪ ጉዳተኞችን ሆድ ስናስተካክል የኖርን ሰዎች ይህን ለማንም አንተውም።

በዓመቱ መጨረሻ ያገኘኋቸው አሮጊት ምን እንደሚሹ ስጠይቃቸው «ቡና መቁላት» አሉኝ። በቃ፣ ዕቅዳችን እሱ ሆነ። በየቀኑ 15 ደቂቃ ሳይደገፉ መቀመጥ ተለማመድን። ቤታቸው ሄጄ በርጩማው ከፍ ያለና መደገፊያ ያለው እንዲሆን አደረግን፤ ምድጃውን ወደ ቀኝ አመጣነው፣ ግራ እጃቸው ስለዛለ። ልጃቸው ከኋላ ወገባቸውን ይዛ እሳቸው ምጣዱን ወዘወዙ፤ ጭሱን ለእኛ ያዞረችው የልጅ ልጃቸው ናት። አቦሉን ቀምሰው «ወጥቶለታል» አሉ። ቶናው ሳይደርስ ደከማቸው፤ አስተኛናቸው።