የአር ሸለቆን የወይን ሥራ እንዴት ለመድኩት

የምኖረው ጀርመን፣ ቦን ከተማ ነው። የአር ወንዝ የሚያልፍበት የወይን አገር፣ የአር ሸለቆ፣ ቅርቤ ቢሆንም በደንብ ያወቅኩት ከጁላይ 2021 ጎርፍ በኋላ ነው። በሸለቆው ብቻ ከ130 በላይ ሰዎች ሞቱ። ጭቃ የሚያወጣ በጎ ፈቃደኛ ሲፈለግ ሄድኩ፣ አካፋ ተሰጠኝ፣ ወይን የሚጠመቅበት ምድር ቤት ገባሁ።

አብዛኛው ተክል ዳገት ላይ ስለሆነ ተርፏል። ግን ለቀማው ሊደርስ ሳምንታት ሲቀሩት መጭመቂያውንም በርሜሉንም ውሃ ወስዶታል። ከሌሎች የጀርመን ወይን አገሮች ገበሬዎች ትራክተርና ዕቃ ጭነው ደረሱላቸው፣ ጭቃ የለበሱት ጠርሙሶችም ሳይታጠቡ ተሸጠው ከ4 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ተሰበሰበ። ደቦ ብዬ ነው የማስበው።

በዚያው ለቀማ ገባሁ። እርከኑ ያለበት ዳገት በጣም ቀጥ ያለ ነው፣ ድንጋዩ ደግሞ ጥቁርና ስስ ሆኖ ከእግር ስር ይንሸራተታል (ግን ቀን የያዘውን ሙቀት ማታ ለተክሉ የሚሰጠው እሱ ነው)። ስለዚህ ጫማ ላይ አትቆጥቡ። ባልዲውን ከግንዱ በላይ በኩል አስደግፉት፣ አለዚያ ቁልቁል ይሄዳል። ከመደዳው ወዲያ ማዶ የሚለቅም ሰው ካለ ደግሞ አንድ ዘለላ ላይ ሁለታችሁም መቀስ አታስገቡ፤ ጣት የሚቆረጠው እንደዚያ ነው። ኮምጣጤ የሚሸት ፍሬ ካለ እሱን ቆርጦ መጣል ነው፣ ባልዲ ውስጥ አይገባም።

ከሁሉም የከበደኝ መግረዝ ነው። በብርዱ ወራት ከአንድ ግንድ ላይ አንድ ወይ ሁለት ሀረግ ብቻ ይቀርና ሌላው ሁሉ ይቆረጣል። ያስተማሩኝ ሽማግሌ መጀመሪያ የሚያዩት የዘንድሮውን ሀረግ አይደለም። ሁለት እምቡጥ ያለው አጭር ጉቶ ይፈልጋሉ፣ ምክንያቱም የሚቀጥለው ዓመት ሀረግ የሚወጣው ከእሱ ነው። ከዚያ ሀረጉን ሽቦው ላይ ጎንበስ አድርጎ ማሰር አለ፤ እሱ በእርጥብ ቀን ይሻላል፣ በደረቅ ቀን ቀጭ ይላል።

የወይን ገበሬዎች ማኅበር ለምን እንዳስፈለገ የገባኝም እዚያው ነው። በሸለቆው ውስጥ ያለችው የማይሾስ መንደር ገበሬዎች በ1868 ተሰባስበው ኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ፤ እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ማሳ ይዞ ብቻውን ከነጋዴ ጋር መደራደር አልቻለም ነበርና። ዛሬም በእንዲህ ዓይነት ማኅበር አባሉ ፍሬውን ያስረክባል፣ ይመዘናል፣ ስኳሩ ኤክስሌ በሚባል መለኪያ ይለካል። አንድ ሊትር ጭማቂ 1090 ግራም ከመዘነ 90 ኤክስሌ ነው፣ ክፍያውም ጣፋጭነቱን ያያል። መጭመቂያ፣ በርሜል፣ ሽያጭ የጋራ ነው። ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከሥራ መልስ ጥቂት መደዳ የሚንከባከብ ሰው የራሱን መጥመቂያ ሠርቶ አይዘልቀውም፣ እሱ ከተወው ደግሞ እርከኑን እሾህ ይወርሰዋል።

የሽማግሌው ልጆች ኮሎኝ ነው የሚሠሩት። ከላይኛው እርከን ጥቂት መደዳ እኔ እንድይዝ ተስማምተናል፣ ፌብሩዋሪ ላይ እገርዛለሁ።