የበዓል ምሳ ለምን ያስተኛል?

የፋሲካ ምሳ ተበልቶ አቦል እስኪቀዳ ጅማ ላይ ግማሹ ቤት ያንጎላጃል። «ደሙ ሁሉ ሆድ ውስጥ ገብቶ አንጎል ደም ስላጠረው ነው» ይባላል። ልክ አይደለም፤ ወደ አንጀት የሚሄደው ደም ይጨምራል እንጂ የአንጎሉ እምብዛም አይነካም።

ዶሮ ወጡ በቅቤ ያበደ ነው። ቅባቱ ትንሹ አንጀት ሲደርስ ኮሌሲስቶካይኒን የሚባል ሆርሞን ይለቀቃል፤ ይህም ጨጓራ ቶሎ እንዳይራገፍ ያደርጋል፣ ለአንጎልም «በቃ» ይለዋል። ከእንጀራውና ከድፎ ዳቦው የሚገኘው ስኳርም ንቁ የሚያደርጉንን የኦሬክሲን ሕዋሳት ሳያቀዘቅዝ አይቀርም። በዚያ ላይ ከቀኑ 7 እስከ 9 ሰዓት ሰውነት ሳይበላም የሚዝልበት ጊዜ ነው። ሌሊቱን ቅዳሴ ለቆመ፣ ጠጅም ለደገመ ሰው እንቅልፉ ምን ይገርማል?

ከ55 ቀን ጾም በኋላ በግማሽ እንጀራ ጀምሮ 20 ደቂቃ መታገሥ ይሻላል፤ የጥጋብ ስሜት ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ከዚያ አዌቱ ወንዝ ዳር 15 ደቂቃ ዘና ብሎ መራመድ (የጅሬን ዳገት ይቅርባችሁ!)። መተኛት የግድ ከሆነ ከ20 ደቂቃ አይለፍ፤ ከባድ እንቅልፍ ውስጥ ከተገባ ሲነቁ ድብርቱ ይብሳል። በጀርባ መዘርጋት ቃር ያስነሳል፤ ትራስ ላይ ደገፍ ይበሉ። ቡናው ደግሞ ከተጠጣ ከ5 ሰዓት ገደማ በኋላም የካፌይኑ ግማሽ ደም ውስጥ ስላለ፣ የማታ ቡና የሌሊቱን እንቅልፍ ይሻማል።

ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው እያላበውና እየተንቀጠቀጠ ካንጎላጀ ግን «ጠግቦ ነው» ብላችሁ አትተዉት፤ ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ይለካ።