«ወጣ» ስል «ውጣ»

ትናንት ለአጎቴ «ልጁ ቁርሱን በላ፤ አሁን ወጣ» ብዬ ጻፍኩና ሳላነበው ላክሁለት። ወዲያው «ማንን ነው ውጣ የምትለው?» የሚል መልስ መጣ። መለስ ብዬ ሳየው «ልጁ ቁርሱን ብላ፤ አሁን ውጣ» ይላል። ይቅርታ ለመጠየቅ ደወልኩ፤ በዚያ ኪቦርድ ይቅርታ መጻፍ አላመንኩም።

እኔ በምጠቀምበት የድምፅ አጻጻፍ (የአማርኛውን ድምፅ በእንግሊዝኛ ፊደላት እየመቱ የሚጻፍበት ማለቴ ነው) ግዕዙን ፊደል የምታወጣው የእንግሊዝኛዋ «ኢ» ናት። እሷ ካልሠራች «በ» «ብ»፣ «ወ» «ው» ሆኖ ይቀራል። ያለፈው ግሥ ትእዛዝ ይሆናል፦ ሰማ ስማ፣ ገባ ግባ። ሌላ ቁልፍ ቢበላሽ ቃሉ አብዛኛውን ጊዜ ትርጉም ስለሚያጣ ዓይኔ ይይዘው ነበር። ይህችኛዋ ግን ደህና አማርኛ እየጻፈች ነው ሰው የምታጣላው።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት የአማርኛ መጻፊያውን ሶፍትዌር ነው። አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት፤ ምን እንዳስቸኮለኝ እንጃ። ወደ እንግሊዝኛ ቀይሬ አንዴ ብሞክር ኖሮ ያን ሁሉ ጊዜ ባልፈጀሁ፤ እዚያም «ኢ» የለችም። ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ኪቦርድ ከፍቼ በማውስ ስነካት ግን ወጣች። የዩኤስቢ ኪቦርድ ስሰካም እንዲሁ። እንግዲህ ኮምፒውተሩ ጤነኛ ነው፤ ሕመሙ ያለው ላፕቶፑ ላይ ካለው ኪቦርድ ነው።

ቁልፎች ከሥር በረድፍና በዓምድ በተዘረጉ መስመሮች የተያያዙ ናቸው። መስመር ቢበጠስ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው መስመር ላይ ያሉት ሌሎች ቁልፎችም አብረው ዝም ይላሉ። የቀሩት ሁሉ ይሠራሉ። ይሄ አጽናናኝ።

ላፕቶፑን አጠፋሁ፤ ቻርጀሩን ነቀልኩ፤ የቁልፏን ክዳን ከጥጉ በጥፍሬ ማንሳት ጀመርኩ። ቀጭ አለ። ደነገጥኩ፤ ግን አንዴ ተጀምሯል። ከሥር እንደ መቀስ የተጣመሩ ሁለት ቀጫጭን ፕላስቲኮች አሉ፤ መሐላቸው ትንሽ የጎማ ጉልላት። ጉልላቷ ስትጫን ከሥሯ ያሉት ሁለት ስስ ሽፋኖች ይነካካሉ፤ ፊደል የሚወጣው ያኔ ነው። የእኔዋ ግን እዚያ አትደርስም፦ ከአንዱ ክንድ ሥር የገባ ፍርፋሪ እንደ ጠጠር ደርቆ መንገድ ላይ ያስቀራታል። ኪቦርዱ ላይ ጎንበስ ብሎ የሚበላው ማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ዛሬ አልናገርም።

ፍርፋሪውን በመርፌ አወጣሁ፤ ዙሪያውን በአይሶፕሮፒል አልኮል በራሰ የጆሮ ጥጥ ጠረግሁ፤ እስኪደርቅ ጠብቄ ክዳኑን መለስኩ። ቀጭ ያለው ከክዳኑ መያዣዎች አንዱ ኖሯል፤ ቁልፏ አሁን ወደ ግራ ዘመም ትላለች። ግን ትሠራለች።

ማታ ልጁ ሲገባ ለአጎቴ «ተመለሰ» ብዬ ልጽፍለት ተቀመጥኩ። «ኢ»ን አራት ጊዜ የሚፈልግ ቃል ነው። ጻፍኩና ከመላኬ በፊት አነበብኩት፦ «ተመለስ»። የመጨረሻዋን ጥጓ ላይ መትቻት ኖሯል። መሐሏን ፈልጌ ደገምኳት።