ፊልሙን ያስቀደምኩበት መጽሐፍ

የዶሮቲ ሂውዝን «ኢን ኤ ሎንሊ ፕሌስ» ገና ካላነበባችሁ፣ ፊልሙንም ካላያችሁ፣ ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ አቁሙና መጽሐፉን ፈልጉ። ከዚህ በታች የሁለቱንም ምስጢር እገልጣለሁ። እኔን ማንም አላስጠነቀቀኝም፤ እንዲያውም መንገድ ያሳየኛል ብዬ የተማመንኩበት ሰው ነው ወደ ገደሉ የመራኝ።

ነገሩ የተጀመረው በምኖርበት በሜሪላንድ፣ በአንድ ኮሌጅ የማታ ትምህርት ነው። ለአሥር ሳምንታት ማክሰኞ ማክሰኞ እየተገናኘን አራት የአሜሪካ የወንጀል ልብ ወለዶችን ከነፊልሞቻቸው እናወዳድራለን። ተመዘገብኩ፤ መጻሕፍቱን ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ተዋስኩ፤ ወፍራም ደብተር ገዝቼ እያንዳንዱን ገጽ በመስመር ለሁለት ከፈልኩት፤ ግራው ለመጽሐፉ፣ ቀኙ ለፊልሙ። እስከዚህ ድረስ ምንም ችግር አልነበረም።

በመጀመሪያው ምሽት መምህሩ የምክር ወረቀት አደለን። ከምክሮቹ አንዱ፣ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው የሆኑ ተማሪዎች ፊልሙን አስቀድመው ቢያዩ ንባቡ ይቀልላቸዋል ይላል። በክፍሉ ውስጥ እንዲህ ያለን ተማሪዎች ሁለት ብቻ ስለነበርን ለማን እንደተጻፈ ግልጽ ነበር። ወረቀቱ ዛሬም ደብተሬ ውስጥ ተጣጥፎ አለ። ባየሁት ቁጥር ያናድደኛል።

የመጀመሪያው መጽሐፍ የዳሺል ሃሜት «ዘ ማልቲዝ ፋልከን» ነበር። የፊልሙን ዲስክ ሌላ ሰው ተውሶት ስለነበር ብቻ ምክሩን ሳልከተል ቀረሁ፤ ተመስገን። ሃሜት ደራሲ ከመሆኑ በፊት ፒንከርተን በተባለው የግል ምርመራ ድርጅት ውስጥ መርማሪ ነበር። መጽሐፉ «ብላክ ማስክ» በተባለ መጽሔት በተከታታይ ከወጣ በኋላ በ1930 ታተመ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው መርማሪው ሳም ስፔድ ምን እንደሚያስብ ሃሜት አንድም ጊዜ አይነግረንም። የሚነግረን እጁ ምን እንደሚሠራ ነው። ሌሊት ስልክ ይደወላል፤ ስፔድ የሥራ ባልደረባው መገደሉን ይሰማል። ስልኩን ከዘጋ በኋላ ገጹ ላይ ሐዘን የለም፤ ቁጣም የለም። ያለው አንድ ሲጋራ ሲጠቀለል ነው። ወረቀቱ ጣቶቹ መካከል ይታጠፋል፤ ትምባሆው ይነሰነሳል፤ አውራ ጣቶቹ ያንከባልሉታል፤ ምላሱ ጠርዙን ያርሳል። ያንን አንቀጽ ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ይህ ሰው አዝኗል ወይስ አላዘነም? ፍርዱ የተተወው ለእኔ ነበር።

ጆን ሂውስተን በ1941 በሠራው ፊልም ውስጥ ያው ስልክ ሲደወል ካሜራው ስልኩና መስኮቱ ላይ ይቆያል፤ ስፔድን የሚጫወተው የሐምፍሪ ቦጋርት ድምፅ ብቻ በጨለማው ይሰማል። ዳይሬክተሩ መጽሐፉን እንደ መጽሐፍ አንብቦታል አልኩ በልቤ። ያስቀረውም አለ፤ ለእኔ የመጽሐፉ እምብርት የሆነውን የፍሊትክራፍትን ታሪክ። ፍሊትክራፍት ምሳ ሊበላ ሲሄድ ከሚሠራ ሕንፃ ላይ የወደቀ ምሰሶ ለጥቂት ሳያገኘው ያልፋል። በዚያው ቤተሰቡን ጥሎ ይጠፋል፤ ከዓመታት በኋላ በሌላ ከተማ፣ ከሌላ ሚስት ጋር፣ ያንኑ የድሮውን ኑሮ ሲኖር ይገኛል። ስፔድ ይህን ደንበኛው ለሆነችው ሴት ይነግራታል፤ ለምን እንደነገራት ግን አይናገርም። ፊልሙን ብቻ ያየ ሰው ይህ ታሪክ መኖሩንም አያውቅም።

አንድ ነገር ግን ያኔውኑ ሊያነቃኝ ይገባ ነበር። ስፔድ በመጽሐፉ ውስጥ ፀጉሩ ወርቃማ፣ መልኩ ሰይጣን የሚያስመስለው ረጅም ሰው ነው። ፊልሙን ካየሁ በኋላ ያንን ሰው ፈልጌ አጣሁት። መጽሐፉን በከፈትኩ ቁጥር የሚቀበለኝ ጥቁር ፀጉር ያለው ቦጋርት ሆነ። ይህንን በደብተሬ ጻፍኩት፤ ጽፌም አለፍኩት።

ሁለተኛው የጄምስ ኬን «ደብል ኢንደምኒቲ» ነው። ቢሊ ዋይልደር በ1944 ሲሠራው የፊልሙን ጽሑፍ አብሮት ያዘጋጀው ሬይመንድ ቻንድለር ነበር። ዋይልደርና ቻንድለር የኬን ንግግሮች ለዓይን እንጂ ለአንደበት እንዳልተጻፉ አይተው አዲስ ንግግር ጻፉ። እውነታቸውን እንደሆነ ለማረጋገጥ አንዱን ገጽ ወጥ ቤት ቆሜ ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ እውነታቸውን ነው፤ ገጹ ላይ የፈጠነው አፌ ላይ ይሰናከላል። መጨረሻውም ተለውጧል። በመጽሐፉ ሁለቱ ገዳዮች መርከብ ላይ ሆነው ራሳቸውን ወደ ባሕር ለመጣል ይዘጋጃሉ፤ በፊልሙ ሳሎን ውስጥ ይታኮሳሉ። ፊልሙ መጽሐፉን ከዳው ብለው የሚያማርሩ ሰዎች ከማማረራቸው በፊት ከ1934 ጀምሮ በጥብቅ ይሠራበት የነበረውን የሆሊውድ ደንብ ቢያውቁ ጥሩ ነው። በዚያ ደንብ ወንጀለኛ ሳይቀጣ ማምለጥ አይፈቀድለትም ነበር። የዚሁ የኬን ሌላ መጽሐፍ በ1934 ታትሞ ሆሊውድ ፊልም ያደረገው በ1946 ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመት።

ሦስተኛው የቻንድለር «ዘ ቢግ ስሊፕ» ነው። እዚህ ላይ ብቻ ፊልሙን ብታስቀድሙ አትጎዱም፤ ጣዕሙ ያለው ገዳዩን በማወቅ ላይ አይደለምና። ፊልሙን ሲሠሩ የነበሩት ሰዎች በታሪኩ ውስጥ የሞተውን ሾፌር ማን እንደገደለው ቢጠይቁት ደራሲው ራሱ አላወቀውም። እኔ ግን ማን ማንን እንደገደለ ሠንጠረዥ ለመሥራት አንድ ሙሉ እሑድ አጠፋሁ። እናንተ አታጥፉ።

ከዚያ አራተኛው፣ የሂውዝ «ኢን ኤ ሎንሊ ፕሌስ»፣ መጣ። ትምህርቱ ሊያልቅ ተቃርቧል፤ በሥራ ቦታዬ ተጨማሪ ሰዓት ወስጄ ደክሞኛል። የምክሩን ወረቀት አውጥቼ አየሁት፤ ለምን አልሞክረውም አልኩ። ቅዳሜ ማታ ፊልሙን አየሁ።

ፊልሙ የኒኮላስ ሬይ ነው፤ በ1950 የወጣ። ቦጋርት የሚጫወተው ዲክስን ስቲል ለፊልም ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ጸሐፊ ነው። አንድ ልብ ወለድ ወደ ፊልም እንዲመልስ ይሰጠዋል፤ ማንበቡ ያስጠላዋል። መጽሐፉን አንብባ የጨረሰች አንዲት የምግብ ቤት ሠራተኛ ቤቱ ወስዶ ታሪኩን እንድትተርክለት ያደርጋል። በማግሥቱ ልጅቷ ተገድላ ትገኛለች። ፖሊስ ይጠረጥረዋል፤ ጎረቤቱ ሎረል ትመሰክርለታለች፤ ይዋደዳሉ። ቁጣው ግን ቀን በቀን እየባሰ ሲሄድ እሷም እኛም መጠርጠር እንጀምራለን። በመጨረሻ እጁ አንገቷ ላይ ይደርሳል። የሚያስቆመው የስልክ ጥሪ ነው። ስልኩም የሚያመጣው ወሬ ሌላ ሰው ወንጀሉን ማመኑን ነው። ዲክስን ንጹሕ ነው፤ ፍቅሩ ግን አልቋል። ስልኩ ሲደወል አለቀስኩ። ዛሬም ይህንን ፊልም እጅግ እወደዋለሁ፤ ቅሬታዬ ከፊልሙ ጋር አይደለም።

መጽሐፉን ሳያነብ ታሪኩን ከሌላ ሰው አፍ መስማት የመረጠ ሰው! ፊልሙ ስሕተቴን ፊት ለፊቴ አስቀምጦ እያሳየኝ ነበር። እኔ ግን እሑድ ጧት ቡናዬን ይዤ የ1947ቱን መጽሐፍ ከፈትኩ።

የመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ያለው ይህ ነው፦ ሎስ አንጀለስ፣ ምሽት፣ ከባሕሩ የሚነሣ ጉም። ዲክስ ከፍ ካለ ቦታ ቆሟል። ቡናማ የለበሰች ልጅ ከአውቶቡስ ትወርዳለች። ይከተላታል። የጫማዋ ተረከዝ እንደ መደናቀፍ ብሎ ይፈጥናል፤ መስማቷን ያውቃል። እርምጃውን ያረዝማል። ፈገግ ይላል።

ፈገግ ይላል! እኔ ምን ጻፍኩ? ደብተሬ አጠገቤ ነው፤ እንደወረደ እገለብጠዋለሁ፦ «ደራሲዋ ሆን ብላ እንድንጠረጥረው ታደርጋለች። በኋላ ንጹሕነቱ ይወጣል።»

ከዚያ በኋላ በየገጹ ጠበቃው ሆንኩ። ዲክስ የሚኖረው ሜል ቴሪስ በተባለ የድሮ ጓደኛው አፓርታማ ነው፤ የሜልን ልብስ ይለብሳል፣ የሜልን መኪና ይነዳል። ሜል የት ሄደ ሲባል ብራዚል፣ ሪዮ ነው ይላል። «የጓደኛ ቸርነት» ብዬ ጻፍኩ። በከተማው ሴቶች እየታነቁ ይገደላሉ፤ ዲክስ ደግሞ ከጦርነቱ ወዳጁ ከመርማሪው ብረብ ጋር እየተቀመጠ ስለ ምርመራው ወሬ ያወጣጣል። «ለሚጽፈው ልብ ወለድ ነው» አልኩ። የብረብ ሚስት ሲልቪያ ዝም ብላ ታየዋለች፤ ከቆዳው በታች ያለውን እንደምታይ ዓይነት። እሱንም ይረብሸዋል። እኔ በእሷ ተናደድኩ።

ሂውዝ ግድያውን አታሳይም። በዲክስ ጭንቅላት ውስጥ ታስቀምጠናለች፤ አእምሮው ደግሞ ያንን ሰዓት ዘሎ ያልፋል። ምሽት ነበር፤ ቀጥሎ ጧት ነው። ፊልሙን ያላየ አንባቢ ያ ክፍተት ምን እንደያዘ ስለሚገባው ይቀዘቅዘዋል። እኔ ክፍተቱን በቦጋርት የተጎዳ ፊት ሞላሁት። ከመጽሐፉ ግማሽ በላይ ያ ስልክ እስኪደወል እየጠበቅሁ ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ ያ ስልክ የለም። ዲክስ ገዳዩ ነው፤ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ገዳይ ነበር። ሂውዝ አልደበቀችኝም። የደነቆርኩት እኔ ነኝ።

ማክሰኞ ይህንን ሁሉ በክፍል ተናገርኩ። ምክሩ ከወረቀቱ ላይ እንዲወጣ ጠየቅሁ። መምህሩ ዓላማው ቋንቋውን እንድንረዳ ማገዝ ነው አለና ወደ ሌላ ተማሪ ዞረ። ቋንቋውን ተረድቼው ነበር። ያልተረዳሁት ሰውየውን ነው። ያን ጊዜ ይህንን ሳልመልስለት ቀረሁ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከሦስት ወር በኋላ መጽሐፉን ደገምኩት። ሁለተኛ ንባብ ብዙ ይሰጣል። መርማሪው ወዳጁን ማየት ሲያቅተው ሲልቪያና ሎረል ቀድመው ማየታቸውን፣ ያም በአንዲት ሴት እጅ በ1947 መጻፉን ያኔ አስተዋልኩ። ያ በጉሙ ውስጥ ከልጅቷ ኋላ የመራመድ ድንጋጤ ግን አልተመለሰም። ከመምህሩ ይልቅ በራሴ እናደዳለሁ፤ የስፔድ ወርቃማ ፀጉር ሲጠፋብኝ አይቼ ነበርና።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ፦ መጽሐፉን አስቀድሙ፤ ከጨረሳችሁ በኋላ ፊልሙን ለማየት ቢያንስ ሁለት ሳምንት ጠብቁ፤ የራሳችሁ ሰዎች መልክ ይያዙ። በሽፋኑ ላይ የተዋናይ ፎቶግራፍ ካለ በጋዜጣ ሸፍኑት። መቅድሙን መጨረሻ ላይ አንብቡ፤ መቅድም ጸሐፊዎች ምስጢር መጠበቅ አይችሉበትም። የ1930ዎቹ የመንገድ ቋንቋ ከባድ ነው ብላችሁ አትፍሩ። ሃሜት «ጋንስል» የምትል ቃል ተጠቅሟል፤ ታጣቂ ማለት መስሏቸው ያለፏት ባለ ቋንቋዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ እሱ ግን ትልቅ ሰው ለራሱ ፍላጎት ያቆየውን ወጣት ማለቱ ነበር። እነሱ ያልገባቸው ካለ እኛም አስምረንበት ብናልፍ ነውር የለውም።

ታናሽ እህቴ አዲስ አበባ ናት። ባለፈው ዓመት አንድ ዘመዳችን ሲሄድ መጽሐፉን ላክሁላት፤ ሳትጨርስ ፊልሙን እንዳትፈልግ በእናታችን ስም አስማልኳት። በሳምንቱ ደወለች። ገና መጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ላይ ናት፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የምታወራው።

«ጋሼ፣ ይቺ ሲልቪያ ነቅታበታለች አይደል?»

ደብተሬን ከፍቼ ስለዚያው ምሽት የጻፍኩትን አየሁ። «ሴትየዋ ያለ ምክንያት ትጠላዋለች» ይላል።

«አንብቢ» አልኳት።