ትሉ ካልሞተ አንጀቱን ጠይቁ

መቂ አካባቢ ጥቅል ጎመን የሚያመርቱ አንድ ገበሬ «ልጄ፣ ይሄ ቢቲ የምትሉት መድኃኒት እኮ አይገድልም» አሉኝ። ቢቲ ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ ከሚባል ባክቴሪያ የሚሠራ የትል መድኃኒት ነው። ያስቸገራቸው ዳይመንድባክ የሚባለው ትንሹ አረንጓዴ ትል ነው። ሲነኩት ወደኋላ እየተወራጨ በክር ተንጠልጥሎ ይወርዳል። መድኃኒቱን ተላምዶት ይሆናል ብዬ ጠረጠርኩ። ጥርጣሬዬ ያለ ምክንያት አልነበረም። ማሳ ላይ ቢቲን በመላመድ ቀድሞ የታወቀው ይኸው ትል ነው፤ ይህን ሃዋይ ውስጥ ያሳየው ጥናት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው።

ቢቲ ነክቶ አይገድልም፣ መበላት አለበት። ባክቴሪያው የሚሠራው ፕሮቲን በክሪስታል መልክ ነው፤ ክሪስታሉ እንዳለ ምንም አያደርግም። የአባጨጓሬው አንጀት ግን እንደ ሳሙና ውሃ አልካላይን ስለሆነ ያሟሟዋል። ከዚያ ትሉ ቅጠል ለመፍጨት የሚያመነጫቸው ኢንዛይሞች ፕሮቲኑን ይቆርጡታል። መርዙ ይህ የተቆረጠው ነው። እሱም አንጀቱ ግድግዳ ላይ ካሉት ካድሄሪንን ከመሳሰሉ ተቀባይ ፕሮቲኖች ጋር ሲጣበቅ ሴሉን ይበሳል። የእኛ ሆድ ውስጥ መርዙ የሚጣበቅበት ተቀባይ ስለሌለ ጎመኑን በልተን ምንም አንሆንም።

ስለዚህ ትሉ የሚያመልጥባቸው ሁለት ዋና በሮች አሉ። አንዱ ኢንዛይሙ ነው፤ እህል ላይ የሚገኝ አንድ የእሳት ራት ዋና ቆራጭ ኢንዛይሙን አጥቶ ቢቲን መቋቋሙ ታይቷል። ሌላው ተቀባዩ ነው፤ የጥጥና የትንባሆ ትል ካድሄሪኑ ተበላሽቶ መርዙ የሚይዘው አጥቷል። እኔ ማወቅ የፈለግሁት የመቂው ትል በየትኛው በር እንደወጣ ነው።

ከማሳቸው ትል ሰብስቤ ላብራቶሪ ውስጥ አረባሁ። ጎመን ቅጠል በክብ በክብ ቆረጥኩ። አንዱን ወገን ክሪስታሉ ባለበት ውሃ ነከርኩ፤ ሌላውን አስቀድሜ አሟሙቼ ትሪፕሲን በሚባል ቆራጭ ኢንዛይም በቆረጥኩት መርዝ። ሁለተኛው ብቻ ከገደለ ችግሩ ኢንዛይሙ ጋ ነው። ሁለቱም ካልገደሉ ተቀባዩን መጠርጠር ነው። ይህን ፈተና በጣም እወደዋለሁ፤ ውድ ማሽን ሳይጠይቅ ጥያቄውን ለሁለት ይከፍለዋል።

አንጀቱንም አየሁ። ትሉን በማይክሮስኮፕ ስር በመቆንጠጫ ጭንቅላቱን ይዞ ቀስ ብሎ ሲስቡት፣ አንጀቱ የተፈጨ ቅጠል እንደሞላው ተመዞ ይወጣል። ሁሉም በረዶ ላይ መሆን አለበት፣ አለበለዚያ ኢንዛይሞቹ የራሱን የትሉን ፕሮቲን ይቆርጡና የሚለካ አይተርፍም። የአንጀቱን ፈሳሽ ከክሪስታሉ ፕሮቲን ጋር ቀላቅዬ ፕሮቲኖችን በመጠናቸው በሚለይ ጄል ላይ ሳስኬደው፣ 130 ኪሎዳልተን (የፕሮቲን ክብደት መለኪያ ነው) አካባቢ የነበረው መስመር ጠፍቶ ከ60 እስከ 65 ባለው ላይ ወጣ። ኢንዛይሙ ሥራውን እየሠራ ነው ማለት ነው።

ትሎቹም በሁለቱም አለቁ። አልተላመዱም!

ታዲያ ማሳው ላይ ምን ሆነ? ሰውዬው የሚረጩት እኩለ ቀን ላይ ነበር፤ ፀሐይ ደግሞ ቢቲን ቶሎ ታበላሸዋለች። ትሎቹም ትልልቅ ሆነው ነበር፤ ትልቁን ለመግደል ብዙ መጠን ያስፈልጋል። መድኃኒቱም የቅጠሉን ጀርባ አይደርስም ነበር፣ ትሉ የሚበላው ደግሞ እዚያ ነው። ከሁሉም በላይ ግን በማግስቱ ሬሳ ይፈልጉ ነበር። ቢቲ የበላ ትል ብዙ ጊዜ በሰዓታት ውስጥ መብላት ያቆማል፤ ለመሞት ግን ሁለት ሦስት ቀን ሊወስድበት ይችላል። «ጋሼ፣ ትሉን ሳይሆን አዲስ ቀዳዳ መኖሩን ይዩ» አልኳቸው። አሁን ትሉ ገና ትንሽ ሳለ፣ አመሻሽ ላይ፣ ከስር ወደ ላይ ነው የሚረጩት።

እኔ ደግሞ ቢቲ ደጋግሞ ከሚረጭባቸው ሌሎች ማሳዎች ትል መሰብሰብ ጀምሬያለሁ። ተቀባዩ የተበላሸበት ትል ካገኘሁ፣ ኩርስታኪ የሚባለውን የቢቲ ዝርያ መጠኑን ጨምሮ መርጨት ብዙም አይጠቅምም። ያኔ የምሞክረው አይዛዋይ የሚባለውን ሌላ የቢቲ ዝርያ ነው፤ ክራይ1ሲ የሚባል ሌላ መርዝ አለው፣ የሚጣበቀውም ሌላ ቦታ ላይ ነው።