በ20 ሚሊዮን ሩፒያ ሦስት የጥላ ምሽቶች

20 ሚሊዮን ሩፒያ ሲባል የባለጸጋ ገንዘብ ይመስላል። እኛ ባገኘንበት በ2023 እ.ኤ.አ. ወደ ዶላር ሲመነዘር ከ1,300 እምብዛም አያልፍም ነበር። በዚህች ገንዘብ በኢንዶኔዥያ፣ ጃቫ ደሴት ላይ ባለችው የሶሎ ከተማ ለውጭ አገር ሰዎች ሦስት ምሽት የጥላ ትርኢት አሳየን። እንዴት እንዳገኘናት፣ ምን ላይ እንዳዋልናት፣ እኔስ የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ ልጻፈው።

ሶሎ የመጣሁት በዳርማሲስዋ ነው። የኢንዶኔዥያ መንግሥት ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለውጭ አገር ሰዎች የሚሰጠው የትምህርት ዕድል ነው። ዲግሪ የለውም። ቋንቋ፣ ውዝዋዜ፣ ሙዚቃ ወይም ባቲክ (በሰም የሚሠራ የጨርቅ ማስጌጥ ጥበብ) ይማሩበታል። እኔ ጋሜላን መረጥኩ፤ የነሐስ ጎንጎችና ሰሌዳዎች አንድ ላይ የሚመቱበት የጃቫ ሙዚቃ። ትዝታና ባቲ እየሰማሁ ያደግኩ ስለሆንኩ ባለአምስት ድምፁ የጋሜላን ቅኝት፣ ስሌንድሮ፣ ቀላል ይሆንልኛል ብዬ ነበር። አልሆነም። አምስቱ ድምፆች እርቀታቸው እኩል ለእኩል ሊሆን ምንም አይቀረው። ጆሮዬ ቤቱ የገባ መስሎት ዕቃው ሁሉ ቦታ ተቀያይሮ ጠበቀው።

ዓመቱ ሲያልቅ ሥራ አግኝቼ እዚያው ቀረሁ። ማታ ማታ የምሄድበት ቤት ነበር። የቤቱ ጌታ ዳላንግ ናቸው። ዳላንግ ማለት ዋያንግ ኩሊትን፣ የቆዳ አሻንጉሊቶች ጥላ በሸራ ላይ የሚታይበትን ትርኢት፣ የሚያንቀሳቅስ፣ የሚተርክ፣ የሚዘፍን፣ ሙዚቀኞቹንም የሚመራ አንድ ሰው ነው። ሁላችንም ‹ፓክ› እንላቸዋለን፤ እንደኛ ‹ጋሼ› መሆኑ ነው። ባለቤታቸውን ‹ቡ› እንላለን።

ፓክን የሚያንገበግባቸው አንድ ነገር ነበር። ሙሉ ዋያንግ ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ እስከ ንጋት ይዘልቃል። የውጭ አገር ሰዎች ይመጣሉ፣ ግማሽ ሰዓት ይቀመጣሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ፣ ይሄዳሉ። «ልጄ፣ ጥላውን አይተው ሄዱ እንጂ ነገሩን አላዩም» አሉኝ አንድ ቀን። ጉዳዩ የተጀመረው ከዚህች ንግግር ነው።

ለውጭ አገር ሰዎች የሚሆን ትርኢት ለማዘጋጀት የባህል ድጋፍ ጠየቅን። የመጀመሪያው ማመልከቻችን ወደቀ። የጻፍኩት እኔ ነኝ። 60 ሚሊዮን ጠየቅን። ትልቅ መድረክ፣ መብራት፣ ባነር፣ 300 ወንበር፣ የክብር እንግዶች ንግግር። ዓላማው «የጃቫን የላቀ ባህል ለዓለም ማስተዋወቅ» ይል ነበር። ከድጋፍ ሰጪዎቹ አንዷ ስልክ ደውላ በትህትና አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። «ያ ሁሉ ሰው ሲወጣ ምን ይዞ ይወጣል?» መልስ አልነበረኝም። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ፕሮፖዛሉን ስጽፍ ስለተመልካቹ አንድ ደቂቃ አላሰብኩም።

ሁለተኛውን ስንጽፍ ከተመልካቹ ጀመርን። ማን ነው የሚመጣው? በስም የማውቃቸውን ቆጠርኩ። የዳርማሲስዋ ተማሪዎች፣ የቋንቋ መምህራን፣ እዚህ አግብተው የሚኖሩ ጥቂት ሰዎች። በአንድ ምሽት 30 ሰው ይበቃል። ቦታው የፓክ ግቢ፣ ግድግዳ የሌለው ሰፊ የእንግዳ መቀበያቸው፣ ፔንዶፖው። ርዝመቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ብቻ። ሙዚቀኞቹ ስምንት፤ ድምፃቸው ለስለስ ባሉት መሣሪያዎች። ሁሉም በሦስት ገጽ አለቀ። በጀቱ ከ60 ወደ 20 ሚሊዮን ወረደ። ተቀበሉን።

ማመልከት ለምትፈልጉ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አመልካቹ እኔ ሳልሆን የፓክ ቡድን፣ ሳንጋሩ ነበር። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ካሉት የባህል ድጋፎች ብዙዎቹ ለአገሬው ሰው ናቸው፤ በ2022 የተጀመረው የመንግሥቱ ዳና ኢንዶኔሲያናም እንደዚያው። ቡድኑ በራሱ ስም የባንክ ሂሳብና የግብር መለያ ቁጥር ያስፈልገዋል። እኛ ሂሳቡን ለመክፈት ብቻ አንድ ወር ፈጀብን። ገንዘቡን ከመፈለጋችሁ በፊት እሱን ጨርሱ።

ገንዘቡ የት ገባ? ወደ ግማሽ የሚጠጋው፣ 9 ሚሊዮን፣ ለፓክና ለስምንቱ ሙዚቀኞች የሦስቱ ምሽት ክፍያ ነው። ለልምምድም ከፍለናል። እዚህ ላይ አጥብቄ ተከራክሬያለሁ። ሙዚቀኞቹ ቀን ሩዝ የሚያርሱ፣ ሞተር የሚጠግኑ ሰዎች ናቸው። ለልምምድ የመጡበት ቀን ከሥራቸው የቀሩበት ቀን ነው። 3 ሚሊዮን ለተርጓሚ መደብን። ቀሪው ለምግብ፣ ለመጓጓዣ፣ ለፕሮጀክተር ኪራይ፣ ለቪዲዮና ተመልካቹ በእጁ የሚሞክራቸውን የካርቶን አሻንጉሊቶች ለመሥራት።

ድጋፉ ግን በአንዴ አይሰጥም። 70 በመቶው መጀመሪያ፣ 30 በመቶው ሪፖርቱ ከጸደቀ በኋላ። ይህን አንብቤው ነበር፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን አላሰብኩበትም። ሥራውን ለመጨረስ 6 ሚሊዮን ከኪስ ማውጣት ማለት ነው። ያን ጊዜ ያዳነችን አሪሳን ናት። አሪሳን የኢንዶኔዥያ ሴቶች ዕቁብ ነው። ያው ነው፣ ልዩነት የለውም፤ ያዋጣሉ፣ ዕጣ ይወጣል፣ ሻይ ይጠጣል። የሰፈሩ 30 ሴቶች በየወሩ 200,000 ሩፒያ ይጥላሉ። በዚያ ወር ዕጣው ለቡ ወጣ። የወጥ ቤታቸውን ጣሪያ ሊያስጠግኑበት ነበር። አምጥተው ፓክ ፊት አስቀመጡት።

የመጀመሪያው ምሽት መጣ። ታሪኩ የዋያንጉ ግዙፍ ጀግና የቢማ ነበር። ቢማ የሕይወትን ውሃ ፍለጋ መምህሩ ወዳሳሳተው መንገድ ይሄዳል፤ ባሕር ይገባል፤ እዚያ ውስጥ ልክ እሱን የሚመስል ትንሽዬ አምላክ ያገኛል። ግዙፉ ቢማ በዚያ ሕፃን በሚያክል አምላክ ግራ ጆሮ ገብቶ ዓለምን በሙሉ ውስጡ ያያል።

አሁን ልብ በሉልኝ። የጃቫ ቋንቋ እንደ አማርኛ የአክብሮት ንግግር አለው፤ እንዲያውም ከእኛ ይብሳል። ግሡ ብቻ ሳይሆን ቃሉ ራሱ ይቀየራል። ዝቅተኛው ንጎኮ፣ ከፍተኛው ክራማ ይባላል። ቢማ በዋያንግ ዓለም የታወቀበት ነገር ለማንም ክራማ አለመናገሩ ነው። ለእናቱም፣ ለታላቅ ወንድሙም፣ ለአማልክቱም ‹አንተ›፣ ‹አንቺ› ነው። ያን ትንሽ አምላክ ሲያገኝ ብቻ ‹እርስዎ› ይላል። የታሪኩ ልብ እሷ ቃል ናት።

እኛ ደግሞ ከሸራው በላይ የእንግሊዝኛ ትርጉም በፕሮጀክተር እየጣልን ነበር። እንግሊዝኛው ለሁሉም አንድ ቃል ነው። ቃሏ ስትመጣ ሽማግሌው የከበሮ መቺ ዓይናቸውን ጨፈኑ። 30ዎቹ እንግዶች ወደ ላይ አንጋጠው ጽሑፍ ያነባሉ። አንድም ሰው አልነቃም። አጠገቤ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ የመጣች ጓደኛዬ ነበረች። ጆሮዋ ላይ «ሁሉን አንተ ሲል የኖረው ሰውዬ አሁን እርስዎ አለ» አልኳት። እጇን አፏ ላይ ጫነች። እንባዋ መጣ። ያን ጊዜ ገባኝ። የ3 ሚሊዮኑ ትርጉም ዋናውን ነገር ጥሎታል።

ሌላም ጥፋት ነበር። እንግዶቹን በረድፍ ወንበር ላይ በሸራው የጥላ ወገን አስቀምጠናቸው ነበር። ጃቫ ውስጥ ዋያንግ እንዲህ አይታይም። ሰው ይዞራል፣ ይበላል፣ ያወራል። ብዙው ተመልካች ከዳላንጉ ጀርባ ነው የሚቀመጠው። ከዚያ ወገን ከጎሽ ቆዳ የተፈለፈሉት አሻንጉሊቶች ቀለማቸው ይታያል፤ ወርቁ ይብለጨለጫል። አሻንጉሊቶቹ የሚሰኩበት የሙዝ ግንድ ይታያል፣ ዳላንጉ በእንጨት መዶሻ ሳጥኑን ሲመታ ይታያል። እኛ ያን ሁሉ ከልክለን እንደ ሲኒማ አስቀመጥናቸው።

በማግስቱ ለፓክ አንድ ሐሳብ አቀረብኩ። «ፓክ፣ ለእንግዶቹ ሲባል ቃሏን በሰፈር ቋንቋ ቢያደርጓትስ? ‹አንተ› እና ‹እርስዎ› የሚሉትን ሁለት ቃላት አስቀድመን እናስተምራቸዋለን።» ፊታቸው ተለወጠ። «የዋያንግ ቃል የገበያ ቃል አይደለም፣ ልጄ።» ዝም ብለው ሲጋራቸውን አጨሱ። ቆይተው «ቃሉን አልነካም። ዝምታ ልጨምርላቸው እችላለሁ» አሉ።

እሳቸው ያሉትን አደረግን። ፕሮጀክተሩን አስወጣን። የትርጉም ገንዘቡን ለአንዲት ወጣት ተራኪ ሰጠናት። ትርኢቱ ሳይጀመር ታሪኩን በአሥር ደቂቃ ትነግራቸዋለች፤ ከዚያ በየክፍሉ መሸጋገሪያ ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ። ስለ ቢማ አነጋገር ነገረቻቸውና «ሙዚቃው ሲቆም አዳምጡ» አለቻቸው። ወንበሮቹን አንስተን ምንጣፍ አነጠፍን። ተነሱ፣ ዙሩ፣ ሻይ ጠጡ፣ ከሙዚቀኞቹ ጎን ተቀመጡ አልናቸው። ቡ ኦቾሎኒና የተጠበሰ ሙዝ ይዘው ያዞራሉ።

ሁለተኛው ምሽት ላይ ቢማ ባሕር ውስጥ ሲገባ ፓክ መዶሻውን አስቀመጡ። ጋሜላኑ ቆመ። ግቢው ውስጥ የእንቁራሪት ድምፅ ብቻ። በዝቅተኛ ድምፅ ያቺን ቃል አሏት። ከኋላቸው የተቀመጠች ጃፓናዊት ተማሪ ራሷን ዝቅ አደረገች። የእሷም ቋንቋ የአክብሮት ንግግር አለውና ተጨማሪ ማብራሪያ አላስፈለጋትም። ከዚያ ጎንጉ ተመታ። ማንም ስልክ አላነሳም።

ከትርኢቱ ሪፖርቱ ይከብዳል። እዚያ ኤልፔጄ ይሉታል፤ ገንዘቡ ምን ላይ እንደዋለ የሚያሳይ ሪፖርት ነው። እያንዳንዱ ክፍያ ፊርማ ይፈልጋል። ከ5 ሚሊዮን በላይ ላለ ሰነድ ደግሞ የ10,000 ሩፒያ ቴምብር ይለጠፋል። አንዱ ሙዚቀኛ ሳይፈርም ሄዶ ነበርና በሞተር ሳይክል ሩዝ ማሳው ድረስ ሄጄ ጭቃ በነካው እጁ አስፈረምኩት። በሌሊቱ ላይ ማስፈረም ነበረብኝ። የሙዝ ግንዱን ጎረቤት በነፃ ስለሰጠን ‹ደረሰኝ የለም› ብዬ ከሪፖርቱ ላስወጣው ነበር። ለካ ማኅበረሰቡ ያዋጣውም ተገምቶ ይጻፋል። ግንዱን፣ የቡን ምግብ ማብሰል፣ የጎረቤት ወጣቶችን ጥበቃ ሁሉ ጻፍነው። በዚያ ዓምድ ላይ የሰዎቹን ሥራ ስመለከት ድጋፉ ከጠቅላላው ወጪ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ታየኝ።

6 ሚሊዮኑ ከሁለት ወር በኋላ ገባ። ለቡ ስንመልስ የዕቁባቸው ቀን ነበር፤ ሴቶቹ በሙሉ ተሰብስበዋል። አንዷ «ለውጭ አገር ሰዎች ሦስት ጊዜ አሳያችሁ፤ ለእኛስ?» አሉ። ፓክ ከጓዳ ሰሙ።

በቀጣዩ ወር ያለ ምንም ድጋፍ፣ ሰፈሩ አዋጥቶ፣ ሙሉ ሌሊት ተጫወቱ። ከሦስቱ ምሽቶች እንግዶች 11ዱ ሳንጠራቸው መጡ። ሲነጋ አራቱ ነበሩ። ሁለቱ ከሙዚቀኞቹ ጎን ምንጣፉ ላይ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ቡ ቡና ሲያዞሩ እነሱ ጋ ሲደርሱ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ‹ቀስ› አሉን።