ካባው ሲደረብ ካሜራው ወደ ቤተሰቡ

የክብር ዶክትሬት፣ ሜዳሊያ ወይም የከተማ ዕውቅና በሚሰጥበት ቀን መድረኩን የሚያነሳ ሰው አይጠፋም። ሰጪው ተቋም የራሱን ባለሙያ ያቆማል፣ ጋዜጠኞች አሉ፣ ስልኩን ከፍ አድርጎ የሚቀርጸውም ብዙ ነው። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠችውን እናት ግን ከእነዚህ አንዱም አያነሳትም። ቤተሰቡ ፎቶ አንሺ የሚቀጥረው ለእሷ ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ፎቶ አንሺዎች፣ ዋዜማውን ለቤተሰቡ ተጠሪ ደውሉ። ሁሉም አንድ አካባቢ እንዲቀመጡ፣ ዘመድ አዝማዱን በስም የሚያውቅ አንድ ወጣትም ከጎናችሁ እንዲሆን ጠይቁ። አዳራሽ ውስጥ ቦታችሁ በመድረኩና በቤተሰቡ መካከል፣ ግድግዳው ጥግ ነው፤ አንገት በማዞር ብቻ ሁለቱንም ማየት ይቻላል። የያዛችሁት አንድ ካሜራ ከሆነ ስም ሲጠራ ሌንሱ ቤተሰቡ ላይ ይሁን። ካባውን በኋላ እንደገና አስደርቦ ማንሳት ይቻላል፤ የመጀመሪያው እልልታና እንባ ግን አይደገምም። ከ70 እስከ 200 ሚሊ ሜትር የሚሄድ ሌንስ ለዚህ ሥራ ይመቻል።

ሰው ሲነሳና ሲያጨበጭብ እንዳይደበዝዝ ሹተሩ (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/250 ሴኮንድ ቢሆን ጥሩ ነው፤ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 3200 መድረሱ አያስፈራ። ችግሩ የአዳራሹ መብራት ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ብዙ አምፖሎች በሴኮንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላሉ፣ በፈጣን ሹተርም ፎቶው ላይ አግድም መስመር ይወጣል። ሥነ ሥርዓቱ ሳይጀመር ሞክሩት። መስመር ከታየ ወደ 1/100 ውረዱና እንቅስቃሴው ለአፍታ ጋብ የሚልበትን ቅጽበት ጠብቁ።

ከሁሉም የሚከብደው ልብሱ ነው። ጥቁር ከፋይ ካባ ወርቃማ ጥልፍ አለው፣ ጋቢውና ቀሚሱ ነጭ ነው፣ በመካከላቸው ጠይም ፊት አለ። ነጩ ልብስ ፍሬሙን ሲሞላው ካሜራው ብርሃን የበዛ መስሎት ምስሉን ያጨልመዋል፣ ፊትም ይጠፋል። ካባው ሲበዛ ደግሞ ተቃራኒው ይሆንና ነጠላው ወረቀት ይመስላል። የብርሃን ልኬቱን በስፖት (አንዲት ትንሽ ነጥብ ብቻ በሚለካው ዘዴ) ከፊት ላይ ውሰዱ፣ ከዚያ የነጠላው ሽመናና ጥበቡ እስኪታይ ድረስ ብርሃኑን በትንሹ ቀንሱ፣ በሮው (ባልተጨመቀ ጥሬ ፋይል) አንሱ። ፍላሽ በቀጥታ ከተተኮሰ ጥልፉ ያንጸባርቅና ፊቱን ይሸፍነዋል፤ ነጭ ጣሪያ ካለ ወደ ላይ አዙሩት።

ጎንደር ላይ ከሆነ፣ ከአዳራሹ ሲወጣ ብዙው ቤተሰብ ፋሲል ግቢ መሄድ ይፈልጋል። የባለሙያ ካሜራና ትራይፖድ (የካሜራ መቆሚያ) ስለማስገባት ትኬት ቢሮውን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ፀሐይዋ ስለታም ናት፣ ጥላውም ጠንካራ ነው። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ቀትር ላይ ፀሐይ ከአናት ትንሽ ወደ ሰሜን ዘንበል ትላለች፤ ዓይን ሥር ጥቁር ጉድጓድ የሚፈጠረው ያን ጊዜ ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ይሁን። ሰዓቱን መምረጥ ካልተቻለ ዛፍ ጥላ ሥር ግቡ። የክረምቱ ደመና ግን ለፊት ብርሃን የሚመች ነው፣ ዝናብ ካልያዘ አትሽሹት።

ቤተሰቡን ግንቡ ሥር አትደርድሩ። ግንቡን ሙሉ ለማስገባት ወደ ኋላ ስትሸሹ ሰዎቹ ያንሳሉ። ከግንቡ ከ20 እስከ 30 ሜትር ወደ እናንተ አምጧቸውና በ35 ሚሊ ሜትር አንሱ፤ አራቱ ባለ ጉልላት ማማዎችም ፊቶቹም ይገባሉ።

በቡድን ፎቶ ከትልቁ ስብስብ ጀምሩ፣ ሽማግሌዎቹ ሳይደክሙ ቶሎ ይረፉ። ተሸላሚው «አባቴ መሐል ይቀመጡ» ማለቱ አይቀርም፤ አትከራከሩት። አንዱን እንዳለው፣ ሁለተኛውን እሱን መሐል አድርጋችሁ አንሱ። ለአረጋውያን በአንቱታ «እማማ፣ ቀና ይበሉልኝ» ማለት ይበቃል፤ ልብሳቸውን ወይም ትከሻቸውን በራሳችሁ እጅ አትንኩ፣ የልጅ ልጃቸው ያስተካክል። ለሦስት ረድፍ አፐርቸሩ (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) ኤፍ 8 ይሁን፤ በኤፍ 2.8 የኋለኛው ረድፍ ይደበዝዛል። ለ20 ሰው ቢያንስ 8 ፎቶ ውሰዱ፣ አንዱ ዓይኑን መጨፈኑ አይቀርምና። ሰፊ ሌንስ ጠርዝ ላይ ያለውን ሰው ስለሚያወፍር ገዘፍ ያሉት ሰዎች ዳር አይቁሙ።

ቤት ድንኳን ተጥሎ ከሆነ የሸራው ቀለም ፊት ላይ ያርፋል፤ ሰማያዊው ያገረጣል፣ አረንጓዴው የታመመ ያስመስላል። ፍላሽን ወደ ሸራው ማዞር ያባብሰዋል፣ የሚመለሰው ብርሃን ያንኑ ቀለም ይዞ ነውና። ሰዎቹን ከድንኳኑ አፍ አንድ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ አቁሙ፣ የደጁ ብርሃን ከጎን ይምታቸው።

በመስታወት የተከደነ የምስክር ወረቀት ሰማዩን ያንጸባርቃል። የላይኛውን ጫፍ ትንሽ ወደ ፊት ዘንበል ሲያደርጉት ነጸብራቁ ወደ መሬት ይወርዳል፣ ጽሑፉም ይነበባል። በሕይወት የሌሉ አባት ወይም እናት ፎቶ ተይዞ ከመጣም እንዲሁ ነው። ያንን ፎቶ የያዘውን ሰው ከተሸላሚው አጠገብ አቁሙትና ጊዜ ወስዳችሁ አንሱት፤ ቤተሰቡ ቀድሞ የሚፈልገው እሱን ነው።

ለግድግዳ የሚታተመው ብዙ ጊዜ 30 በ40 ሴንቲ ሜትር ነው። የካሜራው ፍሬም 3 በ2 ስለሆነ ሲታተም ከየጎኑ ከ5 እስከ 6 በመቶ ይቆረጣል። ዳር ላይ ክፍት ቦታ ካልተዋችሁ የሚቆረጠው የአክስት ትከሻ ነው። ውጭ አገር ላሉት ዘመዶች በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ፣ አለዚያ ጥራቱ ይወርድና እዚያ ሊያሳትሙት አይችሉም።